መጀመሪያ የማሽን ክፍሉን ሳሉ፦ ስለ ቤት መዋኛ ገንዳ ቱቦና ማሽን አቀማመጥ

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለቱቦ ጉዳይ ሰጥታችሁ እዚህ ቢሾፍቱ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ግማሾቻችሁ ቤት እያሠራችሁ ነው። ሌሎቻችሁ የሙያ ልጆች ናችሁ፤ ቧንቧ ሠራተኞች፣ ኤሌክትሪሽያኖች፣ ፎርማኖች። ለሁላችሁም አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ገንዳው ከመቆፈሩ በፊት የማሽን ክፍሉን ሳሉ።

ሰው ገንዳ ሲያስብ ዓይኑ ላይ የሚመጣው ሰማያዊው ሴራሚክ ነው። ልጆቹ ሲንቦጫረቁ ይታየዋል። ፓምፑ የት እንደሚቀመጥ የሚነሳው ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው። «ከሰርቪሱ ጀርባ የተረፈች ቦታ አለች፣ እዚያ እንወሽቀዋለን» ይባላል። ለጥገና ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ችግሩ የጀመረው እዚያች የተረፈች ቦታ ላይ ነው።

አንዱን ቤት ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ነው፣ ዳገታማ ግቢ። ገንዳው ከታች፣ ፓምፑ ከላይ ከጄኔሬተሩ አጠገብ። ሜትር ይዤ ለካሁ። ፓምፑ ከውሃው በ1.80 ሜትር ከፍ ይላል። መሳቢያ ቱቦው 24 ሜትር ይሄዳል፣ ያውም ባለ 50 ሚሊ ነው። በኋላ ተቆፍሮ ሲወጣ 11 ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ቆጠርኩበት። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛው ፓምፕ ነው» አሉኝ። አንዱ አልስብ ሲል ተለቅ ያለ ገዙ። እሱም እምቢ ሲል ከዚያም የሚበልጥ አመጡ።

ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በክዳኑ መስታወት አየሁ። ውስጡ ያለው ውሃ እንደ ፈላ ሻይ ይንተከተካል። ድምፁ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ወደ ገንዳው ስወርድ ደግሞ በመመለሻው አፍ ነጭ አረፋ ይወጣል። ፓምፑ አዲስ ነው፣ ጤነኛ ነው። ውሃ ነው ያጣው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን። ለአነጋገር ያህል ነው። ፓምፑ የሚያደርገው አፉ ላይ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ገንዳው ላይ የተኛው አየር ነው። ባሕር ጠለል ላይ ያ አየር ውሃን 10.3 ሜትር ድረስ ከፍ አድርጎ የማቆም ጉልበት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ጉልበቱ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። እዚህ ቢሾፍቱ 8.2 አካባቢ ነው። ይህም ቱቦው ምንም ፍትጊያ ባይኖረው፣ ፓምፑም ፍጹም ቢሆን ነው። በተግባር የምናገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ከውጭ የመጣው ማኑዋል «እስከ 3 ሜትር ይስባል» ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለችግር የሚስብ ፓምፕ አዲስ አበባ ዳገት ላይ ሊንተከተክ ይችላል። ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም። እዚያ ክዳን ሥር አይቼ፣ ቤት ገብቼ ሂሳቡን ስሠራ ነው የገባኝ።

ትልቅ ፓምፕ መግዛቱ ለምን እንዳባሰው አሁን ይታያችኋል። በዚያው ቀጭን ቱቦ ውሃው ይበልጥ እንዲፈጥን ይገደዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍትጊያው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አየሩ ደግሞ ያው አየር ነው፣ ጉልበት አይጨምርም።

ያደረግነው ይህ ነው። ከገንዳው 4 ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ ክፍል ቆፈርን። ወለሉ ከውሃው በ40 ሳንቲም ዝቅ ይላል። መሳቢያውን በ63 ሚሊ ቀየርን። ፓምፑንም አንድ ፈረስ ጉልበት በማይሞላ ትንሽ ፓምፕ ተካነው። ስንከፍተው ክዳኑ ሥር ያለው ውሃ ዝም አለ። እየሠራ መሆኑን ለማወቅ እጄን ሞተሩ ላይ ጫንኩ። ባለቤቱም መጥተው እጃቸውን ጫኑ። ትንሽ ቆመው «ይሄን ሁሉ ዓመት» ብለው ዝም አሉ። ለሦስት ፓምፕ ያወጡት ብር መጀመሪያውኑ ለጥሩ ቱቦና ለጥሩ ክፍል ከበቂ በላይ ነበር።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። ከባድ አይደለም፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ገንዳው 8 በ4 ሜትር ነው እንበል። ጥልቀቱ አንድ ጫፍ 1.20፣ ሌላው ጫፍ 1.80፤ አማካዩ 1.50። ሲባዛ 48 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው በሙሉ በ6 ሰዓት አንድ ዙር በማጣሪያው እንዲያልፍ ከፈለግን በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ነው ሁሉም የሚወለደው። ፓምፑን በፈረስ ጉልበት አትግዙ። «በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ፍትጊያ፣ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ይሰጠኛል ወይ?» ብላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ከርቩን፣ ማለትም ፓምፑ በየከፍታው ስንት ውሃ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ካላሳያችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

እነዚያ 8 ሜትር ኩቦች በ50 ሚሊ ቱቦ ሲያልፉ በሰከንድ 1.4 ሜትር ይሮጣሉ። በ63 ሚሊ ግን 0.9 ሜትር አይሞሉም። ፍትጊያው ደግሞ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ለመሳቢያው 63፣ ለመመለሻው 50 አደርጋለሁ። መመለሻው ላይ ፓምፑ ራሱ እየገፋ ስለሆነ ፍጥነት ይቻላል። መሳቢያው ላይ ግን እያንዳንዷ ሳንቲም ሜትር ዋጋ አላት። አንድ ጎሚቶ ብቻውን ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ቱቦ ያህል ያስቸግራል። ያ ቤት 11 ጎሚቶ ነበረው አላልኳችሁም? ሃያ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቱቦ መሬት ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። መጠምዘዝ ግድ ከሆነ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ተጠቀሙ። ጎሚቶውን ደግሞ ፓምፑ አፍ ላይ ፈጽሞ አትግጠሙ። ከፓምፑ በፊት ቢያንስ የቱቦውን ስፋት አምስት እጥፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ተዉ፣ አሥር እጥፍ ከሆነ እሰየው። ውሃው እየተሽከረከረ ከገባ ፓምፑ ይጮሃል።

ስለ ቱቦው ዓይነት አንድ ቃል። ጋልቫናይዝድ ለገንዳ አትጠቀሙ፤ ክሎሪን ይበላዋል። የግፊት ፒቪሲ በሙጫ የሚያያዘው ነው የሚሆነው። የፍሳሽ ፒቪሲ ርካሽ ነው፣ ግን ለግፊት አልተሠራም።

አሁን ገንዳው ውስጥ እንግባ። ስኪመር የምንለው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቅጠል የሚይዘው አፍ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ መጨረሻ ላይ ይሁን። ነፋሱ ራሱ ቅጠሉን ወደ አፉ ይግፋ። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ግቢያችሁ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ቀናት ቁሙና ቅጠል የት ጥግ እንደሚከማች እዩ። መመለሻዎቹን ከፊት ለፊቱ አድርጉ። ለ8 በ4 ገንዳ ሁለት ስኪመር እመክራለሁ። የሁለቱም ቱቦ ለየብቻው እስከ ማሽን ክፍሉ ይምጣ፣ ለየብቻውም ቫልቭ ይኑረው። መሬት ውስጥ በቲ፣ ማለትም በሦስት አፍ መገናኛ፣ አገናኝቶ አንድ መስመር ማምጣት ቱቦ ይቆጥባል። አንዱ አየር ሲያስገባ ግን የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የላችሁም።

የወለሉን ማፍሰሻ በተመለከተ ከልቤ አንድ ነገር ልናገር። እባካችሁ ሁሉም ስልኩን ያስቀምጥ።

በ2002 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የምትባል የ7 ዓመት ልጅ የሙቅ ውሃ ገንዳ ማፍሰሻ ይዞ አስቀርቷት ሕይወቷ አለፈ። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። እናቷ ለዓመታት ታገለች። በ2007 በልጅቷ ስም የተጠራ የፌደራል ሕግ ወጣ፤ የሕዝብ ገንዳዎች ሁሉ አደጋ የማያደርስ የማፍሰሻ ክዳን እንዲኖራቸው አስገደደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ማፍሰሻ ብቻ ካለና የልጅ ገላ ከሸፈነው፣ የፓምፑ ጉልበት በሙሉ እዚያ ገላ ላይ ያርፋል። ጎልማሳ ሰው እንኳ ጎትቶ ሊያላቅቃት አይችልም።

መፍትሔውም ቀላል ነው። ሁለት ማፍሰሻ አድርጉ። በመካከላቸው ቢያንስ 90 ሳንቲም ይኑር። ሁለቱን በአንድ ቱቦ አገናኟቸው፣ በመካከላቸው ግን አንዱን ብቻ የሚዘጋ ቫልቭ አታስገቡ። አንዱ ሲሸፈን ውሃው በሌላው ይሄዳል፣ ልጁም ይለቀቃል። ክዳኑ ጎበጥ ያለ ይሁን፣ በብሎን ይታሰር፣ ከተሰበረ በዚያው ቀን ይቀየር። ክዳን የሌለው ገንዳ ውስጥ ማንም አይግባ። በዚህ ጉዳይ ከደንበኛ ጋር ተከራክሬ ሥራ ትቼ ወጥቻለሁ። አሁንም ቢሆን እወጣለሁ።

ወደ ማሽን ክፍሉ እንመለስ። የት ይሁን? ከገንዳው ቅርብ፣ ከውሃው ወለል እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ። ዝቅ ሲል ውሃው ራሱ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ፓምፑ በባዶ አይሽከረከርም። እኛ አገር መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዕዳም አለው። የፓምፑን ክዳን ስትከፍቱ ገንዳው በሙሉ ሊመጣባችሁ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፓምፑ በፊትም ከማጣሪያው በኋላም ቫልቭ ግድ ነው። ሁለተኛው ዕዳ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተቆፈረ ክፍል ኩሬ ይሆናል። ወለሉ ላይ ማፍሰሻ አድርጉ፣ ውሃው በራሱ የሚወርድበት ከሌለ ትንሽ ጉድጓድና የራሱ ፓምፕ ይኑረው። የገንዳውን ፓምፕ ደግሞ 15 ሳንቲም ከፍ ያለ ኮንክሪት ላይ አስቀምጡት። በሩ ላይ ደፍ ሥሩ።

ስፋቱስ? ሰው ሁሉ ዕቃዎቹን ለክቶ ልክ በልክ ይሠራል። እኔ የምለካው ሠራተኛውን ነው። በማጣሪያው ዙሪያ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ቁልፍ የሚያዞርበት ቦታ አለ ወይ? የማጣሪያው ክዳን ተከፍቶ አሸዋው በአካፋ የሚወጣበት ከፍታ አለ ወይ? አሸዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀየሩ አይቀርም። 60 ሳንቲም ስፋት ያለው ማጣሪያ ውስጥ ከመቶ ኪሎ በላይ አሸዋ አለ። ጣሪያው ክዳኑን የሚነካ ከሆነ ያ ሁሉ አሸዋ በኩባያ ነው የሚወጣው። በነገራችን ላይ ለዚህ ለምንነጋገርበት ገንዳ የ60 ሳንቲም ማጣሪያ እመርጣለሁ። የ50ውም በቁጥር ይደርሳል፣ ግን ጫፉ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከገንዳው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ወደ ማሞቂያው ካለ፣ ከዚያ ክሎሪን መጨመሪያው፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። ክሎሪኑ መጨረሻ ላይ የሆነው ኃይለኛው ፈሳሽ የማሞቂያውን ብረት እንዳይበላው ነው። በሁለቱ መካከል ቼክ ቫልቭ አስገቡበት፣ ፓምፑ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ማሞቂያ ዛሬ ባትገዙም ቦታውን በሁለት ቲና በሦስት ቫልቭ አዘጋጁ። አዲስ አበባ ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ገንዳ የገባ ሰው የሶላር ሐሳብ ሳይመጣበት አይወጣም። እያንዳንዱን ዕቃ በዩኒየን፣ ማለትም ተፈትቶ በሚታሰር መጋጠሚያ፣ እሰሩ። ዩኒየን የሌለው ፓምፕ ሲበላሽ ቱቦ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ሁለተኛ ሲበላሽ የሚቆረጥ ቱቦ አይተርፍም።

ማጣሪያው በግልባጭ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ለ3 ደቂቃ ማለት 400 ሊትር ነው። ሃያ ጀሪካን! ይህን ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ አትስደዱት። ጉድጓዱ ይሞላል፣ ክሎሪኑም ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይገድላል። ለብቻው ጉድጓድ ወይም ሮቶ አዘጋጁለት። ክፍት ሆኖ ፀሐይ እያገኘው ጥቂት ቀን ሲቆይ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ከዚያ ሣር ይጠጣዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በቦቴ ገዝታችሁ የሞላችሁትን ውሃ ወደ መንገድ መልቀቅ ያሳዝናል። ለጎረቤትም ጥሩ አይደለም።

አሁን መብራት። የገንዳ መስመር 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ፣ ከመስመሩ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ መከላከያ ያስፈልገዋል። ተራው ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል ያድናል፣ ሰውን አያድንም። ኧርዙን ለኩ፣ አለ ተብሎ አይታመንም። ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣው ፓምፕ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ መብራት 50 ነው። ሞተሩ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ብቻ ይዞራል። የሚገፋበት ከፍታ ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል። ሞተሩም ሊግል ይችላል። በዚያ ላይ የሞተሮች መደበኛ አቅም የሚነገረው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ስስ አየር ሞተር በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ዘመዳችሁ መርዳት ከፈለገ ፍጥነቱ የሚስተካከል፣ ለ50 ኸርዝ የተፈቀደ ፓምፕ ይላክ። እሱ ላይ ወጪ አትሳሱ። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ስትቀንሱት የሚበላው ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ረጅም ሰዓት በቀስታ ማስኬድ ለቆጣሪውም ለማጣሪያውም ይሻላል።

ኬሚካሉን ማሽን ክፍሉ ውስጥ አታስቀምጡ። ክሎሪኑና አሲዱ አንድ መደርደሪያ ላይ አይዋሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣውን ጋዝ ቤት ስታጸዱ ቀምሳችሁት ይሆናል። የገንዳው ደግሞ ከዚያ በጣም የበረታ ነው።

ከመሙላት በፊት ሙከራ። ሙጫው አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ቱቦዎቹን በውሃ ሞልታችሁ 2 ባር ላይ ለ24 ሰዓት አቆዩ። በአየር አትሞክሩ፤ በአየር የተወጠረ ፒቪሲ ቢፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል። ጌጁ ካልወረደ አፈር ከመመለሱ በፊት ፎቶ አንሡ። ሜትሩን ዘርግታችሁ ከግድግዳው ያለው ርቀት እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሡ። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት አትክልተኛው ዛፍ ሊተክል ሲል ባለቤቷ ስልኳን አወጣች። ቱቦው ከአጥሩ 1.10 ላይ ነበር። ጉድጓዱን 60 ሳንቲም ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። እሺ እህቴ፣ እርስዎ። «የእኔ ገንዳ ተሠርቶ አልቋል። ፓምፑም እንደዚያ ሰውዬ ከላይ ነው፣ አረፋ አለው። ላፍርሰው ወይ?» ብለዋል።

አያፍርሱ፣ ቆይ። መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ስኪመሩ አፍ ግማሽ ድረስ መድረሱን ይዩ። ዝቅ ካለ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ነገ ጠዋት ፓምፑ እየሠራ አንድ ኩባያ ውሃ ይያዙ። የፓምፑ ክዳን ዙሪያ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ፣ በመስታወቱ እያዩ። ሞተሩ ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ። አረፋው ለትንሽ ጊዜ ከቀነሰ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ጎማ ነው፤ ጎማውን ይቀይሩ፣ ሲሊኮን ቅባት ይቀቡት፣ በጥቂት ብር ያልቃል። ካልቀነሰ ከፓምፑ በፊት ያለውን እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዚያው መንገድ ይሞክሩ። ያም ካልሆነ ከፍታውንና ርቀቱን ለክተው፣ ጎሚቶዎቹን ቆጥረው ይንገሩኝ። እኔም ሜትር ይዤ እመጣለሁ።